እንገር የተጣለበት ክረምት

ሰኔ 6

ላሞችሽን አስወጪ ተባልኩ። ቀነ ገደቡ አዲስ ዓመት ነው።

ከወረዳ የመጣው ሰውዬ ጭቃው ጫማውን እንዳይነካበት ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ ገባ። በረቱ ደጃፍ ሲደርስ አፍንጫውን በእጅጌው ሸፈን አድርጎ፣ “እናት፣ ይኼ እኮ አሁን ከተማ ነው” አለኝ። ከተማ ነው! እኔና ባለቤቴ ወንድወሰን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ግድም ከካዛንቺስ ጓዛችንን ጭነን እዚህ ስንወርድ የተቀበለን ጅብ ነው። ጅቡ እንኳ ውጡ አላለንም።

አቤት ያለው የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ነው። ሽታ፣ ዝንብ፣ እበት፣ የሰፈር ገጽታ። ሰብሳቢው አቶ ዓለምሰገድ ነው፤ ከአጥሬ ማዶ ባለው ብሎክ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር፣ ከባንክ ጡረታ የወጣ ሰው። ጠዋት ጠዋት ወተት የሚወስደው ከማን ነው? ከእኔው!

ሻሼ፣ ዳማና ቦራ የትም አይሄዱም። ሻሼ ደግሞ እርጉዝ ናት፤ ነሐሴ ላይ ትወልዳለች። እርጉዝ ከቤት አይባረርም፤ ሰውም ቢሆን ከብትም ቢሆን።

ሰኔ 7

አቶ ዓለምሰገድ ምንም እንዳልተፈጠረ ጆጉን ይዞ መጣ።

“ውሃ አልገባበትም አይደል ወይዘሮ ፀሐይነሽ?”

“ኧረ በጭራሽ። የገባበት የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው።”

ዓይኑን ሰበረ። ወተቱን ግን ይዞ ሄደ።

ሰኔ 11

ልጄ አብኔዘር ከቦሌ መጣ። መድኃኔዓለም አጠገብ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። ወሬውን ሰምቷል፤ ከማን እንደሰማ አልነገረኝም። ከመቀመጡ፣ “እማዬ፣ ክፍልሽን አዘጋጅተናል” አለ። ሊፍት አለው፣ ጄኔሬተር አለው፣ ውሃ አይጠፋም። ፀሐይ የምትሞቂበት በረንዳ አለው።

“ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ያሉት ስምንተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው አይተው ነው መሰለኝ” አልኩት።

አልሳቀም። ቤቱን አፍርሶ ጂ ፕላስ ፎር ሊሠራበት ያስባል። “ይኼን የሚያህል ቦታ ተኝቶ ነው ያለው እኮ” ይለኛል። ተኝቶ! ሦስት ላም የሚያሳድር፣ ጎመንና ድንች የሚያበቅል፣ አንድ ሙሉ ብሎክ ወተት የሚጠጣበት ቦታ ተኝቷል። የተኛውስ እሱ፣ እሑድ እስከ አራት ሰዓት።

ሲወጣ እግሬን አየ። “ምን ሆነሽ ነው የምታነክሺው?” አለ። ጭቃው ነው አልኩት።

ሰኔ 20

ሐዱሽ ሥራ ለቀቀ። ስድስት ዓመት ላሞቼን ያለበልኝ ሰው ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ ላይ ብሎኬት ተሸካሚ ሆነ። አልፈርድበትም፤ ልጆች አሉት። ከላይ ሆኖ እጁን ያውለበልብልኛል። እኔም ባልዲዬን ከፍ አደርግለታለሁ።

እንግዲህ ማለብ፣ መጥረግ፣ ሣር ማቅረብ፣ ሁሉም በእኔው ነው። ምን አለበት? እናቴ መንዝ ላይ ስምንት ልጅ ወልዳ አሥራ ሁለት ከብት ትይዝ ነበር።

ሐምሌ 2

አስፋልቱ ዳር ትልቅ ሰሌዳ ተተከለ። ቪላ የሚሸጡ ሰዎች ናቸው። አረንጓዴ መስክ፣ ነጭ ቤት፣ ከቤቱ ጎን አንዲት የፈረንጅ ላም ታጥባ፣ ተወልውላ ሣር ትግጣለች። ከሥሯ “ገጠርን ለሚወዱ” ይላል በትልቁ።

የተከሉት የት ነው? ጨፌው ላይ። ለላሞቼ የቀረችው የመጨረሻዋ መስክ እሷ ነበረች፤ ዛሬ በቆርቆሮ ታጠረች። ሥዕሏ ላም ትግባ፣ የምትተነፍሰዋ ትውጣ ማለት ነው! ቦራ አጥሩ ሥር ቆማ ቆርቆሮውን ስታሸት ቆየች። ሳትግጥ መለስኳት።

ከአሁን በኋላ ድርቆሽና ፉርሽካ ብቻ።

ሐምሌ 5

ከአያት በሚኒባስ ስመለስ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

“ገጠር ገባሽ አሉ?”

“የምን ገጠር! ፒዛ እቤት ድረስ ያመጣሉ። አንድ ላም ያላት አሮጊት ብቻ ናት የቀረችው፤ እሷም ልትሄድ ነው አሉ።”

ዘወር ብዬ፣ “ሦስት ናቸው” አልኳቸው። 

ሐምሌ 19

ገብርኤል። ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም።

ጠዋት በረት ውስጥ አዳለጠኝ። ምንም አልሆንኩም። ተነሥቼ ዳማንና ቦራን አለብኩ። ዝናቡ ስወድቅ ነበር የጀመረው፤ ስነሣ አባርቶ ፀሐይ ወጥቷል። ዳማ ደግሞ ያለ ወትሮዋ ስትጮህ ነበር፤ ምን ሆና እንደሆነ እንጃ።

አብኔዘር ደወለ። ቅዳሴው ጥሩ ነበር አልኩት። ገብርኤል ይቅር ይበለኝ።

ሐምሌ 27

አቶ ዓለምሰገድን መንገድ ላይ አገኘሁት። “ያለ አሳብ ከልጅዎ ጋር ቢኖሩ ምን አለበት?” ይለኛል። ሁሉም ሰው ያለ አሳብ ሊያኖረኝ ይፈልጋል። ያለ አሳብ የሚኖር ሬሳ ነው አልኩት። ቀጥሎ ደግሞ ለሚስቱ የልደት ኬክ ቅቤ እንዳዘጋጅለት ጠየቀኝ። ከፍልሰታ በፊት ይድረስልኝ አለ። እሺ አልኩ። ሰው ነኝ ምን ላድርግ።

ነሐሴ 3

ሻሼ ወለደች።

ከቅዳሴ ስመለስ ምጥ ይዟታል። ቆማ ትተኛለች፣ ተኝታ ትነሣለች። የጥጃዋ አንድ እግር ወጥቷል፤ ሁለተኛው የለም። እጄን እስከ ክርኔ በሳሙና ታጥቤ ገባሁ። ሁለተኛው እግር ውስጥ ታጥፎ አገኘሁት፤ ቀስ ብዬ አቃናሁት። እስከዚህ ድረስ እኔ ነኝ ያለ ሐኪም ቢሆን ከዚህ የተሻለ አይሠራም። መሳቡ ላይ ግን አቃተኝ። ይኼ የተረገመ ጉልበቴ አልተከልም አለ። ሐዱሽን ብጣራ ሕንፃው ላይ ማንም የለም፤ ሠራተኛው የቀኑን ሥራ ጨርሶ ወጥቷል።

“ሰው የለም ወይ! የሰው ያለህ!” ብዬ ጮኽኩ።

አንድ መስኮት ተከፈተ። አቶ ዓለምሰገድ።

“ምን ሆነው ነው?”

“ይውረዱ!”

“እኔ?”

“ሰብሳቢው ማን ነው ታዲያ? ይውረዱ እንጂ!”

በቤት ነጠላ ጫማ እየሮጠ መጣ። ጃኬቱን አስወለቅኩት፤ ገመዱን በእጁ ጠቀለልኩለት። “ስታምጥ ይሳቡ፣ ስታርፍ ይረፉ። ወደ ታች፣ ወደ እግሯ!” እላለሁ፤ እሱ “እመብርሃን፣ እመብርሃን” ይላል። ሻሼ ታቃስታለች። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ጥጃዋ እሱ ላይ ወጣች። እውነቴን ነው፤ ደረቱ ላይ ነው የወደቀችው።

አትተነፍስም። አፏን ጠረግሁ፤ አፍንጫዋን በጭድ ኮረኮርኩ። አንዴ፣ ሁለቴ፤ አስነጠሰች። ሴት ናት፣ ግንባሯ ላይ እንደ እናቷ ነጭ ያለባት።

ሰውዬው እበቱ ላይ ቁጭ እንዳለ ማልቀስ ጀመረ። “እኔ እኮ የቡልጋ ልጅ ነኝ ወይዘሮ ፀሐይነሽ። ከብት ጠብቄ ነው ያደግሁት። አርባ ዓመት ሙሉ ረስቼው” አለ። አፍንጫውን በክንዱ ይጠርጋል፤ ክንዱ ደግሞ ከአፍንጫው የባሰ ነው። ሳቄ መጣ፤ እሱም ሳቀ። ሁለታችንም እንደ ሞኝ ስንስቅ ሚስቱ በመስኮት ታየናለች።

ከዚያ፣ “ስሟን ማን ይሏታል?” ብሎ ጠየቀኝ።

“እስከ አዲስ ዓመት ድረስ ለምትቆይ ጥጃ ስም ምን ያደርግላታል?” አልኩት።

ሳቁ ጠፋ። ጃኬቱን አንሥቶ፣ “ውሳኔው የእኔ ብቻ አይደለም” ብሎ ወጣ። ልክ ነኝ፤ ግን ዛሬ ባልናገረው ምን ነበረበት። ይኼ ምላሴ።

ነሐሴ 5

እንገር አፈላሁ። የወለደች ላም የመጀመሪያዎቹ ቀናት ወተት ነው፤ ወፍራም፣ እንደ እንቁላል አስኳል ብጫ ያለ። እሳት ሲነካው እንደ አይብ ይረጋል። አይሸጥም። እኛ አገር እንገር የሸጠ ሰው እናቱን ሸጠ ይባላል። ለጎረቤት ነው የሚታደለው፤ የጠላም የወደደም ይቀምሳል፤ ጠብ ካለም በእንገር ይበርዳል። ዕቃው ባዶውን አይመለስም። እርጥብ ሣር ነሰነስ ተደርጎበት ነው የሚመጣው፤ ላሟን ለምልሚ ለማለት።

ግን ፍልሰታ ነው፤ እኔም አልቀምሰው፣ አቶ ዓለምሰገድም አይቀምሰው። ስለዚህ የማይጾሙትን አሰብኩ። የእነ አቶ ዓለምሰገድ ብሎክ ምድር ቤት ዲና አለች፤ ጴንጤ ናት፣ ባሏ ያቤጽ የኮምፒውተር ሰው ነው፣ ትንሽ ልጅ አላቸው። ስታገኘኝ ሁልጊዜ፣ “እማማ ፀሐይ” ብላ ትስመኛለች። ካሉኝ ሳህኖች ትልቁን ሞልቼ፣ ቅቤ ጣል አድርጌ፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ ሄድኩ።

“ኧረ እማማ! ምንድን ነው ይኼ?”

ነገርኳት። ለልጁ አጥንት እንደሚሆነው፣ የመጀመሪያው ወተት እንደሆነ፣ ሁሉንም። እቅፍ አደረገችኝ። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። እውነቴን ነው፣ ከሰኔ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ነሐሴ 7

ዲና ሳህኑን መለሰች። በፈሳሽ ሳሙና ታጥቦ ሎሚ ሎሚ ይሸታል፤ ውስጡ አንድ ፓኮ ብስኩት። “በጣም ይጣፍጥ ነበር እማማ፣ ልጁ ጨረሰው” አለች። ሣሩን ከየት ታውቀው። ብስኩትም ደግነት ነው።

ነሐሴ 8

እበት ልደፋ ወደ ገንዳው ስሄድ ውሾች ተሰብስበው አየሁ። አንድ የተቀደደ ፌስታል። ውስጡ ብጫ፣ የረጋ፣ የእኔ ቅቤ ላዩ ላይ። ከነመልኩ አወቅሁት።

ባልዲውን አስቀምጬ ቆምኩ። አለቀስኩ፤ ለዚህ ደብተር ምን እደብቃለሁ። ወንድወሰን ሲሞት ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ሁሉ እያየኝ አላለቀስኩም፤ ለእንገር ቆሻሻ ገንዳ አጠገብ አለቀስኩ። እንገር ከተጣለ የላሟ ጡት ይነጥፋል ይላሉ። አላምንበትም። ቢሆንም ሄጄ የሻሼን ጡት ዳሰስኩት። ደህና ነው።

ዲና ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ክፉ ሰው እሰድባለሁ፣ እከሳለሁ፣ አጥር ላይ ቆሜ አዋርዳለሁ። ይቺ ግን የተበላሸ ወተት መስሏት ነው፤ ልጇን ከበሽታ አዳነች፤ እኔ እንዳላዝን ደግሞ ዋሸችልኝ። ምን ብዬ ልጣላት? ላሞቼን የሚያስወጣው ወረዳው መስሎኝ ነበር። እንገር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በሌለበት ሰፈር ወረዳው ቢፈቅድልኝስ ለማን ነው የማልበው?

አልሸነፍም ብዬ ሰኔ ላይ ጽፌ እንደሆነ አላስታውስም። አሁን ጻፍኩት። ስምንተኛ ፎቅ አልወጣም። ገጠሩ ከሸሸኝ እኔ እከተለዋለሁ።

ነሐሴ 17

ጾም ትናንት ተፈታ። ጠዋት ላሞቹን አልቤ፣ ሐዱሽን ለአንድ ቀን ለምኜ፣ ዋቅቶላ ጋ ሄድኩ። ዋቅቶላ ይኼን ቦታ የሸጠልን ሰው ልጅ ነው። እኩያዬ ነው። ሠላሳ ዓመት ጎረቤታሞች ነበርን ለማለት ትንሽ ነው የጎደለው፤ ብሎኮቹ ሲመጡ ማሳው ተወሰደና ከሰንዳፋ ወዲያ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ የሚስቱ ዘመዶች አገር ሰፈረ።

አገሩ! እስከ ተራራው ድረስ ገብስ፣ ባቄላ፣ ሣር። ከመኪናው ወርጄ ዝም ብዬ ቆምኩ። ድምፅ የለም። ሚስቱ ሶሬቲ ሮጣ መጥታ፣ “አካም ጂርታ ፀሐይ!” ብላ በሰላምታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እርጎ አቀረበችልኝ። ጠግቤ አላውቅም እንዲህ።

ከዚያ ለዋቅቶላ ጉዳዬን ነገርኩት። ትንሽ ቦታ ሽጥልኝ፣ ሁለት ክፍል ቤት ልሥራ፣ በረት ልሥራ፣ ላሞቼን ላምጣ።

“ላሞችሽን አምጪ። መሬት ግን አልሸጥልሽም” አለ።

“ለምን? የእኔ ብር ይሸታል?”

“ፀሐይ፣ ጨፌው ላይ የመጀመሪያው የቆርቆሮ ቤት የማን ነበር?”

የእርጎውን ዋንጫ አስቀመጥኩ።

“አባቴ ‘ደግ ሰዎች ናቸው፣ ከብት ይወዳሉ’ ብሎ ሸጠላችሁ። ደግ ነበራችሁ፤ አልዋሽም። እናንተን አይቶ የወንድወሰን ጓደኛ መጣ። የጓደኛው ወንድም መጣ። ከዚያ መንገድ፣ ከዚያ መብራት። መብራቱ የገባ ቀን እኔም ጨፍሬያለሁ። ከዚያ እኔ ወጣሁ።”

“እኔ ነኝ ያስወጣሁህ?”

“አላልኩም። አንቺ እዚህ አንድ ቤት ከሠራሽ ግን ሁለተኛውን የሚሠራው ሰው መንገዱን አወቀ ማለት ነው። ከእኛ ጋር ኑሪ፤ ክፍል አለ። ላሞቹን በርቢ እንይዛቸዋለን፤ ላሞቹ የአንቺ፣ ሣሩና ድካሙ የእኛ፣ የሚወለደውን እንካፈላለን። ቤት አይሠራም፤ አጥር አይታጠርም።”

በስተርጅናዬ የሰው ቤት ጥገኛ ልሆን! ተነሥቼ ወጣሁ። ሶሬቲ እስከ መንገዱ ተከትላኝ መጣች፤ ደህና ሁኚ እንኳ በቅጡ አላልኳት።

ያው ቀን፣ ማታ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ምን ነካው ይኼ ሰው? እኔና ወንድወሰንን ከእነዚህ ሰዎች ጋር አንድ ያደርገናል? እኛ እኮ ነግደን ለማትረፍ አልመጣንም። ግንብ አልገነባንም፣ ሰው አላባረርንም፣ ዛፍ አልቆረጥንም፤ የቆረጥነው ለማገዶ ነው። አባቱ ሲሞት አስከሬን ያጠበው ወንድወሰን ነው! እኛ የመጣነው ገጠርን ወድደን ነው።

ሰሌዳው ላይ የተጻፈውም እሱ ነው።

ቢሆንም አንድ አይደለንም። አንድ አይደለንም።

ነሐሴ 25

እንደገና ወደቅሁ። በዚህኛው ሐዱሽ ከሕንፃው ላይ አየኝ፤ ብሎኬቱን ጥሎ በሩጫ ወረደ። አብኔዘርንም የጠራው እሱ ነው። ሆስፒታል፣ ራጅ፣ ወረፋ። የጉልበቴ ጅማት ቆይቷል ከተጎዳ አለ ሐኪሙ። “በዚህ እግር እስከ ዛሬ እንዴት ቆሙ?” ይለኛል። በሁለተኛው አልኩት።

አብኔዘር መኪና ውስጥ መሪውን ይዞ አልነዳ አለ። “ከመቼ ጀምሮ ነው እማዬ?” አለ። ከሐምሌ አልኩት። ሰኔ ነው። ልጄ ግን ሊያለቅስ ደርሶ ነበርና ትንሽ ቀነስኩለት።

ሐዱሽ ከሥራው በፊት ማለዳ እየመጣ ያልብልኛል።

ነሐሴ 29

አቶ ዓለምሰገድ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ። ኮሚቴውን ለምኖ፣ ወረዳውን አስፈቅዶ እስከ መስቀል አስጨምሮልኛል። አመሰገንኩት። በረት ገብቶ ጥጃዋን ሲያሻሽ ቆየ። ስሟን ዳግመኛ አልጠየቀም። እኔም አልነገርኩትም፤ ስም ግን አላት፣ ለምለም ነው።

ጳጉሜን 2

ዛሬስ ልጄ አበደ!

ከሰዓት በኋላ አንድ ሆዳም ሰውዬ ይዞ መጣ። ሰውዬው ሰላም ሳይለኝ በረት ገብቶ የዳማን ዳሌ መታ መታ አደረገ፤ ጎኗን ጨመቀ። “ጥሩ ሥጋ ወጥቷታል፣ ለቅርጫ ትሆናለች” አለ። ለአዲስ ዓመት አርደው ሊከፋፈሏት! ዳማን! አብኔዘር ዩኒቨርሲቲ የተማረው በዳማ እናት ወተት ነው።

ምርኩዜን ይዤ ተነሣሁ። ሐኪሙ አትነሺ ያለኝን ሁሉ ተነሣሁ። “ና ውጣ! ከሥጋህ ነው የምጀምረው!” ስለው ሆዱን ይዞ በጓሮ በኩል ወጣ፤ ጎመኔን ረግጦ።

አብኔዘር ቁጭ አለ። “እሺ ምን ላድርግ? ንገሪኝ። አትሸጪም፣ አትመጪም፣ ማለብ አትችዪም። ወድቀሽ ማንም ሳያይሽ ልትሞቺ ነው የምትፈልጊው?” አለ። ልጄ እኮ ክፉ አይደለም። ሁሉም ክፉ አይደሉም፤ ይኼ ነው ያደከመኝ።

“አንድ ስልክ ደውልልኝ” አልኩት። ዋቅቶላን ደወለልኝ። እሱ ፊት ነው የተናገርኩት፤ እንዲሰማ።

“ዋቅቶላ፣ እመጣለሁ። ቤት አልሠራም። አጥርም አላጥርም።”

“እሺ።”

“አፌን ግን ታውቀዋለህ፤ አያርፍም።”

“ሠላሳ ዓመት ሰምቼዋለሁ” አለና ሳቀ።

አብኔዘር አፉን ከፍቶ ያየኛል። “ቤቱስ?” አለ። “ውሰደው” አልኩት። “ጂ ፕላስ የፈለግኸውን ሥራበት።” እንደምን ይደሰታል ብዬ ነበር። እሱ ግን ተነሥቶ ግድግዳውን ዳሰሰ።

መስከረም 12

አይሱዙ መጣ። ሐዱሽ ጫነ፤ አቶ ዓለምሰገድ ለምለምን ራሱ ተሸክሞ አወጣት። ቦራ መወጣጫው ላይ አልረግጥም ብላ መንገዱን ዘጋች፤ ከኋላ የመኪና ሰልፍ፣ ጥሩምባ በጥሩምባ። እሰይ! ጠብቁ! ሠላሳ ዓመት የኖርኩበት መንገድ ለሩብ ሰዓት ቢዘጋ ምን ይላችኋል?

ዲና ልጇን አቅፋ ከመስኮት እጇን አውለበለበች። እኔም አውለበለብኩላት።

ጋቢና ተቀመጥኩ። ወደ ኋላ አላየሁም። ጉልበቴ መዞር ስለማይችል ነው።

ጥቅምት 9

ወር ሊሞላኝ ነው። ቀላል ነው ብዬ አልዋሽም። የሰው ቤት ነው፤ ምጣድ የት እንደሚቀመጥ እኔ አልወስንም። ሶሬቲ ስታልብ ቀስ በይ፣ ጨብጠሽ እንጂ ጎትተሽ አይደለም ብላት፣ “ፀሐይ፣ እኔ እጅ የለኝም?” አለችኝ። ሁለት ቀን ተኳረፍን። በሦስተኛው እርጎ ይዛ መጣች፤ በላሁ።

ላሞቹን ግን ማየት ነው! ቦራ እስክትጠግብ ድረስ ትግጣለች። ዳማ ወንዝ ወርዳ ራሷ ትመለሳለች። ማንም አፍንጫውን አይሸፍንም።

ትናንት ከወንዙ ማዶ ብጫ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ተክለው ያያሉ። ለድልድይ ይሆናል። ለመስኖም ይሆናል። ዋቅቶላ ደጃፉ ላይ ቆሞ እስኪሄዱ ድረስ አያቸው። እኔ ባቄላ እየፈለፈልኩ ነበር፤ ብዙም አላስተዋልኩም።

ዛሬ አብኔዘር ደወለ። ቤቱን ማፍረስ አልጀመረም፤ አንጀቴ አልቆረጠልኝም አለ። ከዚያ እንደ ልማዱ መመርመር ጀመረ።

“እማዬ፣ እዚያ በስምሽ ምን አለሽ?”

“ምንም።”

“ታዲያ ነገ ተነሡ ቢሏችሁስ?”

“ላሞቹ እግር አላቸው።”

“የአንቺ እግርስ?”

“የእኔን ተወውና የራስህን ንገረኝ። እዚህ በዚያ በቦሌ ጫማህ አይመጣም፤ ቅዳሜ ገበያ እሄዳለሁ። ቦት ጫማ ስንት ቁጥር ልግዛልህ?”



“አርባ ሁለት” አለኝ።